መርፌው ሮም ላይ

እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ድረስ አባቴ ሮም እንደሚኖር አምን ነበር። አትሳቁብኝ ልጆቼ። እናንተም ብትሆኑ በጆሯችሁ የሰማችሁትን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ታምኑ ነበር። እኔ ደግሞ ሰምቻለሁም፣ አይቻለሁም። ድምፁን ሰማሁ፤ መርፌው ሮም ላይ ቆሞ አየሁ። ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣላታል?

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

አባቴ ኩማ አናጢ ነበር። ቤታችን ዛሬ አዲስ ከተማ ከሚባለው ሰፈር ነው፤ ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የሚከበረው አንድ የእንጨት ሬዲዮ ነው። አባቴ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ለሚመለስ ግሪክ ነጋዴ ሁለት ትልልቅ የዕቃ ሣጥን ሠርቶለት፣ በዋጋው ፈንታ ያመጣው ነው። ፊቱ ላይ መስታወት አለው፤ መስታወቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል የከተሞች ስም ተጽፏል፤ ከመስታወቱ ኋላ ቀይ ቀጭን መርፌ ትሄዳለች። ትሄድ ነበር ልበል እንጂ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሬዲዮው ሞቷል። ውስጡ ያሉት አምፖሎች ተቃጥለው ምትክ ጠፋ። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውለዋል። "ድምፅ ባይኖረው መልክ አለው" ይላል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የመጋዝ ብናኝ የሰጠው ልማድ ነው።

በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ ሰኔ ላይ፣ አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ልብሱ ሰፍቶት፣ ከጭነት መኪና ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብልኝ አስታውሳለሁ። እናቴ ታቢታ "ሥራ ሄዷል" አለችኝ። እኔም ሥራ የሄደ ሰው አድርጌ ያዝኩት። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከመስከረም ወዲህ ግን ምንም የለም።

እናቴ መቀመጥ ያቃታት ያኔ ነው። ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ልብስ ስታጥብ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። የተጠረገ ደጅ ትጠርጋለች። ሁለት ጉርሻ በልታ ትነሳለች። ስትጸልይ እንኳ አንድ ዓይኗን ገልጣ በሩን ታያለች። ሌሊት የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታው "ማነው?" ትላለች።

ኅዳር ላይ ተፈራ የሚባል፣ በክራንች የሚሄድ ቁስለኛ ደጃችን መጣ። ከአባቴ ጋር አብሮ የዘመተ ነው። አልቀመጥም አለ። በሩን ተደግፎ፣ አጥሩን እያየ፣ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ሐሙስ ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሞቃዲሾ። ምርኮኞቹን አንድ በአንድ ያናግሯቸዋል። በአጭር ሞገድ ካልሆነ አይያዝም።"

"አንተ ሰምተሃል?"

"እኔ ምንም አልሰማሁም፤ አንቺም ከእኔ አልሰማሽም፣ እትዬ ታቢታ።"

ምርኮኛ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሞቃዲሾም የሰው ስም ነው የመሰለኝ። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ወሬው ስለ ሬዲዮ መሆኑን ነው። "እንግዲህ እማዬን እንቅልፍ የነሳት የአባዬ ሬዲዮ መሞት ነው" ብዬ ደመደምኩ። የልጅ ነገር! እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሏ በሕይወት መኖሩን ማወቅ። የጠላትን ሬዲዮ ስትሰማ የተገኘች የዘማች ሚስት ደግሞ በዚያ ዓመት ምን እንደሚጠብቃት፣ ቤት ለቤት አሰሳውን ያየ ሰው ያውቀዋል።

በማግሥቱ ሣጥኑን በሆቴል አንሶላ ጠቅልላ፣ የሚታጠብ ልብስ አስመስላ፣ ፒያሳ ጠሀ ዘንድ ወሰደችው። እኔ ሳሙናውን ይዤ ተከተልኩ።

ጠሀ ስልጤ ነው፤ ሬዲዮና ሰዓት ይጠግናል። ሱቁ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮዎች እንደ ሥጋ ቤት ተሰቅለዋል። አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወት አስሮ ቀና ሲል፣ ያ ዓይኑ ከፊቱ ተለቅ ብሎ ታየኝና ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸጎጥኩ።

የሣጥኑን ጀርባ ከፈተና አቧራውን እፍ አለው።

"እትዬ ታቢታ፣ ይሄ እኮ ሬሳ ነው።"

"አውቃለሁ። የሞተውን ሆድ አውጣና የሚሠራ ሆድ ክተትበት።"

"ለምን ትለፊያለሽ? አነስ ያለች አሮጌ ሬዲዮ ልፈልግልሽ።"

"አዲስ ሬዲዮ ይዤ ብገባ በነጋታው ቀበሌ ያውቃል። ይሄ ግን መሞቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሬሳ ማን ይጠረጥራል?"

ጠሀ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ወደ በሩ አየ።

"አጭሩን ሞገድ ነው የምትፈልጊው?"

እናቴ አንሶላውን ታጥፍ ጀመር።

"አልጠየቅኩሽም" አለ ጠሀ ፈጥኖ። "ወላሂ አልጠየቅኩም። ስንት ይዘሻል?"

"ስልሳ ብር። ከዚህ ወዲያ የምሸጠው የለኝም።"

"እንግዲያ ቁጭ በይ፣ እንምረጥ።"

እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ጠሀ ከጋሪ ፈረስ ጋር እያመሳሰለ ነገሩን አስረዳት። ፈረሱ ቢበረታ ጎማው ካልቻለ ጋሪው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጎማው ቢበረታ ፈረሱ ከደከመ ያው ነው። ሬዲዮም እንዲሁ፤ አንዱ ከሌላው ጋር መቻቻል አለበት። ሾፌር ከመኪና የጣላት አንዲት የእጅ ሬዲዮ አለችው። ልባሷ ተሰባብሯል፤ ሆድ ዕቃዋ ግን ደኅና ነው፤ አጭር ሞገድ አጥርታ ትይዛለች።

"ገንዘብሽን እዚህ ላይ አፍስሺው" አላት። "በዚህ ከቆጠብሽ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በድምፅ ማጉያው እንቆጥባለን። አሁን የምትመርጪው በመብራት ይሂድ በባትሪ ድንጋይ የሚለውን ነው።"

"መብራቱ የሚመጣው ከጎረቤት ተቀጥሎ ነው። ሲበራም ሲጠፋም ያያሉ።"

"እሺ፣ ስድስት ድንጋይ። በትልቁ እናድርገው፤ በየሱቁ የሚገኘው፣ ጥበቃዎቹ በባትሪያቸው የሚከቱት ዓይነት።"

ይህቺን ድንጋይ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ የአባቴን ሬዲዮ ሆድ ይነቅል ጀመር። አምፖሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቆርቆሮ ውስጥ ሲጥላቸው አባቴን የሚያወልቅ መሰለኝ። ሳያየኝ አንዷን አምፖል ሰርቄ ኪሴ ከተትኩ። ዛሬም አለችኝ፤ የጠቆረች የብርጭቆ ፍሬ ነች።

ድምፅ ማጉያውን እናቴ ራሷ አመጣች። ሆቴሉ ከጣለው አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ የወጣ ነበር፤ የመኝታ ክፍሎቹን መጋረጃ በሙሉ በእሑድ ቀኗ አጥባ ነው ያገኘችው። ሰሃን የሚያህል ነገር። በኩራት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠሀ ገልብጦ ከኋላው የተጻፈውን አነበበ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"አራት ይላል።"

"ምን ይበል ታዲያ?"

"ያቺ ሆድ ዕቃ የምትፈልገው ስምንት የሚል ነው።"

"ትልቅ አይደለም እንዴ? ትልቅ አይሻልም?"

"ነገሩ በትልቅነት አይደለም፣ እትዬ። ይሄኛው ቁጥሩ ያነሰ ስለሆነ ኃይል ጠጪ ነው። ሆድ ዕቃዋ ከምትችለው በላይ ይጠጣባታል። ሦስት ቀን ታወራና ትራንዚስተሮቿ ግለው ይቃጠላሉ። ያኔ ስልሳ ብርሽም ሐሙስሽም ሄደ።"

ሐሙስን አልነገረችውም ነበር። ሁለቱም ይህን አስተዋሉ መሰለኝ፣ ለጊዜው ተያዩ። እኔ ግን እናቴ በድምፅ ማጉያው የተቆጣች መስሎኝ "ጋሼ ጠሀ፣ መጠጥ ይተው በሉት" አልኩ። ጠሀ እስኪያስለው ሳቀ።

"እሺ ብርቅዬ፣ እመክረዋለሁ።"

ትልቁን ለአንድ ቡና ቤት ሰጥቶ በለውጡ ስምንት የሚል ትንሽ ድምፅ ማጉያ አመጣ፤ ወረቀቱ ግን ተቀዷል። እናቴ አየችውና "ይሄን ለእኔ ተወው" አለች። ቡላ በውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ አማስላ፣ ወፍራም ሙጫ አደረገችው። የሲጋራ ወረቀት እየደረበች እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ጣፈችው። ሲደርቅ በጣቷ መታ አደረገችው፤ ከበሮ መሰለ። ያ ቡላ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

በመጨረሻ የተቸገሩት በመርፌዋ ነው። የትንሿ ሬዲዮ መዞሪያ ጠባብ ነው፤ የግሪኩ ሣጥን መስታወት ደግሞ ሰፊ። ጠሀ ክር አስሮ አገናኛቸው፤ መርፌዋ ግን ከመስታወቱ መሐል እየተነሳች ትንሽ ሄዳ ትቆማለች።

"ድምፁ ይመጣል" አለ ጠሀ አፍሮ። "መርፌዋ ግን ትዋሻለች። ሮም ላይ ብትቆምም የምትሰሚው ሮምን አይደለም። ለማስተካከል ሌላ መዘውር፣ ሌላ መስታወት ይፈልጋል። በዚህ ገንዘብ አይሆንም።"

"ትዋሽ" አለች እናቴ። "እኔ የምፈልገው ጆሮዋን ነው።"

ይህን ሲባባሉ እኔ ከደጅ የጋሪ ፈረስ እያየሁ ነበር። ብሰማ ኖሮ ይሄ ሁሉ ታሪክ ባልኖረ። ስመለስ ጠሀ በጣቱ መስታወቱን እየነካ ፊደል አስቆጠረኝ። "ይቺ ረጅሟ ለንደን ናት። ይቺ ፓሪስ። ይቺ አጭሯ፣ እንቁላል የመሰለች ፊደል ያለባት፣ ሮም።" የእጁን ዋጋ ሲጠየቅ "እኔ ሣጥን ነው የጠገንኩት፤ ሣጥን መጠገን የአናጢ ሥራ ነው፣ ኩማ ሲመጣ እንተሳሰባለን" አለ። እኔ ጠሀ ሥራውን አሳንሶ የተናገረ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው አንገቱን ነው ያስያዘው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን አዲስ ሥርዓት ገባ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል እናቴ ከሆቴል በሩጫ ትመጣለች። እኔን ከነሙቀጫው ደጃፍ ላይ ታስቀምጠኛለች፤ ሙቀጫው ባዶ ነው። "እስክጠራሽ ውቀጪ" ትለኛለች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ራሷን ከሣጥኑ ኋላ ትቀብራለች። እወቅጣለሁ፣ ዱም፣ ዱም። ስትወጣ ጆሮዋ ላይ የእንጨቱ ጠርዝ ቀይ ሰምበር ጥሎባታል። ፊቷን አይቼ "ጥሩ መዝሙር ነበር?" እላታለሁ፤ መዝሙር የምትሰማ ስለመሰለኝ። "የዛሬው ጥሩ አልነበረም" ትለኛለች። ጥር ሙሉ ጥሩ አልነበረም። የካቲትም።

ከጎናችን ሙሉጌጥ ትኖራለች፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ሰው ፊት ለፊት "ጓድ ሙሉጌጥ"፣ ከኋላዋ "ጆሮ" ይላታል። አንድ ሐሙስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

"አንቺ ብርቅዬ፣ ምንድነው ሐሙስ ሐሙስ የምትወቅጪው?"

"በርበሬ ነው፣ እትዬ ሙሉጌጥ።"

"ደግ። ይሄን ያህል ተወቅጦ ሰፈሩ እንዴት ሳያስነጥስ ቀረ?"

እናቴ ይህን ስነግራት ወደ መኝታ ክፍል ገብታ ቶሎ አልወጣችም። ስትፈራ ሁልጊዜ በሲዳምኛ ታጉረመርማለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሙቀጫው ውስጥ እውነተኛ በርበሬ ነበር፤ እኔም ሰፈሩም አብረን አነጠስን።

መጋቢት ሲገባ፣ ሐሙስ ቀን፣ የቀበሌው ጥበቃ በእጅ ድምፅ ማጉያ እየዞረ ለፈፈ። ለዘማች ቤተሰብ ስንዴ ይታደላል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ፤ ያልተገኘ ስሙ ይሰረዛል። እናቴ ሁለቴ ወጥታ ሁለቴ ተመለሰች። ሣጥኑን ታያለች፣ ከረጢቱን ታያለች። መቅረት አትችልም፤ ከስንዴው ይልቅ "ለምን ቀረች" መባሉ ነው የሚያስፈራት።

"ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ። ሬዲዮውን እንዳትነኪ። ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

ሰምቼ ነበር። ግን እናቴን ሁለት ወር ሙሉ ያላስደሰተው መዝሙር ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለግኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እንደሷ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ማብሪያውን ጠመዘዝኩት።

መጀመሪያ ዘይት ላይ ውኃ የተረጨ የመሰለ ጩኸት መጣ። ቀጥሎ የማላውቀው ዘፈን፤ ቀጥሎ አማርኛው የሚጎረብጥ ሰውዬ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ልጆቼ፣ ገና ቃል ሳይተነፍስ አወቅኩት።

"እኔ ኩማ ዱካሌ እባላለሁ። ከሲዳሞ፣ ከአዋሳ ነኝ። ሥራዬ አናጢነት ነው። ደኅና ነኝ።"

ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረው፤ አባቴ ደግሞ ንባብ ላይ ደካማ ነበር። ዓይኔ መርፌዋ ላይ ነው። እንቁላሏ ያለባት አጭሯ ከተማ ላይ ቆማለች። ጠሀ አስተምሮኛላ! ሌላ ሰው መናገር ሲጀምር እኔ በሩን በርግጄ ወጥቻለሁ። ሬዲዮውንም አላጠፋሁት፣ በሩንም አልዘጋሁት።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሙሉጌጥ ጠረጴዛ ይዛ ስም ትጠራለች። እናቴ ከሰልፉ መሐል ነች፤ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏት ወዲያና ወዲህ ትላለች። በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

"እማዬ! አባዬ ሮም ነው! በሬዲዮ ተናገረ! ደኅና ነኝ አለ!"

የስንዴ መስፈሪያው አየር ላይ ቀረ። የእናቴ ከረጢት ከእጇ ወደቀ።

"ምንድነው ያለችው?" አለ ጥበቃው።

ሙሉጌጥ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተነሳች። መጥታ ግንባሬን በመዳፏ ያዘች። ጠላቴ ነች፤ አሁን ልታስረን ነው አልኩ በልቤ።

"ሮም አለች!" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። "ሰማችሁ? ሮም! ነገ ደግሞ ጳጳስ ሆነ ትለናለች! የዚያ የሞተ ሣጥናቸው መስታወት ላይ ያየችውን ነው የምትቀባጥረው። ግንባሯ እሳት ሆኗል! ወባ ነው። ታቢታ፣ ምን ተገትረሻል? ልጅሽን ውሰጃት፣ ስንዴሽን እኔ አመጣዋለሁ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥበቃውም ሳቀ። እኔ አለቀስኩ፤ ወባ የለብኝማ! ሮም ባልል፣ መርፌዋ እውነቱን ጠቁማ ቢሆን፣ የዚያን ቀን ማንም አይስቅም ነበር። ጠሀ ያፈረባት ጉድለት ነች ያተረፈችን።

እናቴ እያዳፋች ወሰደችኝ። ቤት ስንደርስ ሬዲዮው ባዶ ቤት ውስጥ ዘፈን ያሰማል። አጠፋችው። በሩን ዘጋችው። አንድ ጥፊ አቀመሰችኝና ወዲያው እቅፍ አደረገችኝ።

"ንገሪኝ። ቃል በቃል።"

ነገርኳት። ስሙን፣ አገሩን፣ አናጢነቱን፣ ደኅና ነኝ ማለቱን።

"ሌላስ?"

ዓይኗን ብታዩት! ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው የሌላውን ገበታ እንደሚያይ ነው የምታየኝ። ሌላ አላለም ማለት አቃተኝ።

"'ታቢታን ሰላም በሏት፣ ደጄን አደራ' አለ።"

እናቴ ተቀመጠች። ከመስከረም ወዲህ አንድ ቦታ ረግታ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እግሮቿን ዘረጋች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች፣ እስኪጨልምም አልተነሳችም።

እንግዲህ ይህን ያየች ልጅ ምን ታድርግ? በማግሥቱ "እስኪ ያን ድገሚልኝ" ስትለኝ "ሣጥኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ቀቡልኝም ብሏል" አልኩ። ቅዳሜ ቀባችው። በሳምንቱ "ብርቅዬን ዓሣ አብሏትም ብሏል" አልኩ። በነጋታው ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ገዝታ መጣች፤ እስክጠግብ እያየችኝ እሷ አልቀመሰችም። አባቴ በእኔ አፍ ብዙ ተናገረ። ሁሉንም የምታምነኝ መስሎኝ ነበር።

ሙሉጌጥ ስንዴውን የዚያኑ ዕለት አምጥታ ከበራፍ ነበር የተመለሰችው። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ከአሥር ሰዓት በፊት በራችንን አንኳኳች። እናቴ የሞተች መሰለች። ሙሉጌጥ ገባች፣ በሩን ራሷ ዘጋች፣ ከነጠላዋ ሥር ስድስት ባትሪ ድንጋይ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በትልቁ።

"የናንተ እየደከመ ይሆናል" አለች። "እነዚህ ከቀበሌው መለፈፊያ የወጡ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ድዳ ይሁን።"

"ሙሉዬ..." አለች እናቴ።

"ኃይለሚካኤልም በዚያው መኪና ነው የሄደው፣ ታቢታ። አንድ ልጄ።"

ያን ቀን ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው ራሳቸውን ከሣጥኑ ኋላ ቀበሩ። እኔ ወቀጥኩ። ኃይለሚካኤል አልተናገረም። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሙሉጌጥ ስትወጣ ሁልጊዜ ትስቅልኛለች፤ "በደንብ ውቀጪ፣ ላልቷል" ትለኛለች። እኔ ሁለቱ ሴቶች መዝሙር የወደዱ መሰለኝ።

አንድ ቀን ግን ሳትስቅ ከፊቴ ተንበረከከች።

"ብርቄ፣ ያን ዕለት፣ ከአባትሽ ቀጥሎ ማን ነበር የተናገረው? ስሙን ሰምተሽዋል? ወጣት ድምፅ ነበር?"

እኔ ያኔ ሮጫለሁ። አልሰማሁም። የዚያ የሁለተኛው ሰው ድምፅ ዛሬም ጀርባዬን ይከተለኛል። ግን የሙሉጌጥን ዓይን አየሁ፤ ያ የማውቀው ረሃብ እዚያም አለ። እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ የእናቴ እጅ መጥቶ አፌን ያዘው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"የሰማሽውን ብቻ" አለችኝ በጆሮዬ። "ለእሷ፣ የሰማሽውን ብቻ።"

"አልሰማሁም፣ እትዬ ሙሉጌጥ። ሮጥኩ።"

"ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ" አለች። ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች።

ያን እጅ ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ! እናቴ ታውቅ ነበር። ዓሣውን ስትገዛልኝ፣ ዘይቱን ስትቀባ፣ ታውቅ ነበር። ለራሷ የፈቀደችውን ለጎረቤቷ አልፈቀደችም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ "ለአቶ ኩማ ዱካሌ፣ ሮም" የሚል ደብዳቤ ጽፌ ፖስታ ቤት ስወስድ እናቴ ያዘችኝና እውነቱን ነገረችኝ። መርፌዋ መዋሸቷን፣ አባቴ ሮም ሳይሆን የሶማሊያ እስር ቤት መሆኑን። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ሮምን የወሰደችብኝ እሷ መሰለችኝ።

አባቴ በሰማንያ ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ልብሱ እንደ ሄደበት ቀን ሰፍቶታል። ደጃፉ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴን ረስቼ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ጮህኩ።

ሙሉጌጥ ከሰው ሁሉ ቀድማ መጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብላ ትከሻውን ሳመችው፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄዋን ጠየቀች። አባቴ እጇን ይዞ ዝቅ አለ።

"እስከ ጅጅጋ አብረን ነበርን፣ እትዬ ሙሉጌጥ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ልዋሽዎት አልችልም።"

"አትዋሸኝ" አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጥ ልታማስል ጓዳ ገባች።

እንግዶቹ ሲሳሱ እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። ተረጋግታ ነው የተቀመጠችው።

"ያን ዕለት በሬዲዮ ስትናገር" አለችው፣ "'ታቢታን ሰላም በሏት፣ ደጄን አደራ' ያልከው እኮ ነው እዚህ ያደረሰኝ።"

አባቴ ግራ ተጋብቶ አየት አደረጋት። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቴን አየ፣ ጉንጬ ሲቀላ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አዎ" አላት። "ብያለሁ።"

እናቴ ወደ መሬት አየች፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ እንዳለ አይቻለሁ። ሳህኖቹን ይዛ ተነሳች።

አባቴ ወደ ሣጥኑ ሄደ። እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ዘይቱ ገና ትኩስ ነው፣ ቅዳሜ ነበራ። መርፌዋን አየ፣ ሮም ላይ እንደቆመች። ወደ ጓዳው ዞሮ እናቴ አለመስማቷን አረጋገጠ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፦

"ብርቅዬ፣ ሌላስ ምን ምን ብዬ ነበር? እንዳልሳሳት አንድ በአንድ ንገሪኝ" አለኝ።